«የንጉሥ ሚስት ናት» ብዬ የዘለልኳቸው እቴጌ

ዛሬ የያዝኩት ረዘም ያለ ነገር ነው። ቡና እያፈላችሁ ከሆነ እስከ በረካው ያደርሳችኋል። የቸኮለ ሰው አስቀምጦት ማታ ይመለስበት።

የቆየ ዕዳ ልከፍል ነው። የገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ የጥያቄ ዕዳ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አሥረኛ ክፍል ታሪክ እያስተማርኩ ነበር። የዕለቱ ርዕስ ዘመናዊ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደገባ ነው። ሰሌዳው ላይ «ዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «ተፈሪ መኮንን ት/ቤት፣ 1917 ዓ.ም»። ከሥር «እቴጌ መነን የሴቶች ት/ቤት» አልኩና ወደሚቀጥለው ርዕስ ልዞር ስል በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እቴጌ መነን ማን ናት?»

«የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሚስት ናት» አልኳት።

«እሱማ ገባኝ። ምን ሠርታ ነው ስሟ እዚህ የተጻፈው?»

ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? «አታስቢ፣ ፈተና ላይ አትመጣም!» ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። እኔም ጥሩ ቀልድ የቀለድኩ መስሎኝ ወደ ርዕሴ ቀጠልኩ።

በዓመቱ መስከረም ላይ ልጅቷ አልተመዘገበችም። እውነቱን ልናገር፣ ብዙ ልጆች ስለሚቀሩ ልብም አላልኩት። ጥቅምት ውስጥ ነው መሰለኝ፣ መናኸሪያ ትንሽ ሻንጣ ይዛ አገኘኋት። «ወዴት ነው?» ስላት «አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዐረብ አገር። ፕሮሰሱ አልቋል ቲቸር» አለችኝ። ዕድሜዋን ልጠይቃት አልደፈርኩም። ፓስፖርቱ ላይ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ መገመት አያቅትም። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ እየሳቀች፣ «ቲቸር፣ ያችን ንግሥት ግን ሳትነግረኝ ቀረህ» አለች።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ራሴን ጠየቅሁ። እውነት እቴጌ መነን ምን ሠሩ? የታሪክ መምህር ነኝ፤ ግን መልሱን አላውቀውም ነበር። ዲፕሎማዬን ስማርም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሳስተምር እቴጌ መነን ለእኔ ፎቶ ላይ ከንጉሡ ጎን የሚቀመጡ ሴት ነበሩ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ይኸው መልሱ። ዘግይቷል፣ ግን ከመቅረት ይሻላል።

የአምባሰሏ ልጅ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። ውጫሌ ስንል ሁላችንም አንቀጽ 17 ነው ትዝ የሚለን። አገሩ ግን አምባሰል ነው። የአምባሰል ገዢ ከጥንት ጀምሮ «ጃንጥራር» ነው የሚባለው። እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ይባላል።

እናታቸው ደግሞ ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው። ደሴ የተማራችሁ አሁን ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። አዎ፣ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ትምህርት ቤት በእኚህ እናት ስም የተሰየመ ነው። ወይዘሮ ስኂን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ልጅ ኢያሱም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስለሆኑ ለመነን አጎት ናቸው፤ ያውም በዕድሜ የሚያንሷቸው አጎት።

በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ጋብቻ የፖለቲካ ውል ነበር። ሁለት ቤቶች ሲታረቁ ሴት ልጅ ትሰጣለች፤ ሲጣሉ ትመለሳለች። የመነንም ዕጣ ይኸው ነው። ገና ልጅ እያሉ ተዳሩ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከአንድ በላይ ትዳር ያዩና የልጆች እናት የሆኑ ሴት ነበሩ። እስቲ አስቡት፣ የዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ማለት እኮ ነው! ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ደጁን ረግጠው አያውቁም፤ ለሴት የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤትም አልነበረም።

በሐምሌ 1903 ዓ.ም የሐረርጌ ገዢ የነበሩትን ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን አገቡ። በዚህ ጋብቻ የልጅ ኢያሱ እጅ ነበረበት። አጎት የእህቱን ልጅ ለተፈሪ ሲሰጥ ወዳጅነት ማጥበቁ ነበር። ግን አምስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በ1909 ዓ.ም መስከረም ላይ ኢያሱ ከሥልጣን ተነሱ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። በጥቅምት ደግሞ ሰገሌ ላይ ጦርነት ሆነና ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ።

እኔ ይህን ጦርነት ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። መንስኤ፣ ሂደት፣ ውጤት። አንድ ቀን ግን በመነን በኩል ሆኜ አላየሁትም። ባለድሉ ወገን የባላቸው ወገን ነው። የተሸነፉት አያታቸው ናቸው። ከሥልጣን የተባረረው አጎታቸው ነው። በዚያው ዓመት የታቀፉት ልጅ ደግሞ አስፋ ወሰን፣ የወደፊቱ አልጋ ወራሽ ነው። ለማን ይለቀሳል? ለማንስ እልል ይባላል?

ትምህርት ቤቱ

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ንጉሥ ተፈሪ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ሲነግሡ መነንም በዚያው ዕለት የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በፈረንጆቹ 1931፣ ከግል ገንዘባቸው አውጥተው አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት አስከፈቱ። በስማቸው የተጠራው ይህ ትምህርት ቤት በአገራችን ለሴቶች ብቻ የተከፈተ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

አሁን «ታዲያ ምን ይገርማል?» የሚል አይጠፋም። የዘመኑን ሰው አስተሳሰብ አስታውሱ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዛሬም እኮ አልተውነውም፤ በዚያ ጊዜ ግን ተረት ብቻ አልነበረም፣ የቤት ሕግ ነበር። ወንዱ ቢያንስ ቄስ ትምህርት ቤት ይገባል። ከሴቶች መካከል ፊደል የቆጠሩት፣ ዳዊት የደገሙት በቤታቸው መምህር የተቀጠረላቸው የትላልቅ ሰዎች ልጆች ናቸው። ሴት ልጅን ከቤት አውጥቶ የውጭ አገር መምህራን ባሉበት ግቢ ማስቀመጥ ለብዙ ቤተሰብ የሚያስፈራ ነገር ነበር። «ማን ያገባታል?» ነው ጥያቄው።

በእቴጌዋ ስም ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እቴጌዪቱ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ ውጭ የተማሩ ሴት አልነበሩም። ጾመኛ፣ ጸሎተኛ፣ በባህላቸው የጸኑ የወሎ እመቤት ናቸው። «ሴት ልጅ ስትማር ሃይማኖቷን ትጥላለች» ብሎ የሚፈራ አባት እሳቸውን አይቶ ሊረጋጋ ይችላል። እንደኔ እንደኔ ከገንዘቡ ይልቅ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። ስማቸውን በበሩ ላይ አስቀመጡት።

በእርግጥ መጀመሪያ የገቡት የመኳንንትና የቤተ መንግሥት ሰዎች ልጆች ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡ ልጆች በአዳሪነት ይማሩበት ጀመር። አዳሪነት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወላጅ አርባና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቃ የምትማር ልጁን የት ያሳድራት? ዛሬም ከገጠር የሚመጡ ሴት ተማሪዎቼ የሚቸገሩት እዚሁ ላይ ነው። ሦስትና አራት ሆነው ቤት ይከራያሉ፣ ስንቅ ከቤት ይመጣል፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ይፈጠራል፣ ትምህርቱ ያበቃል። የዚያን ጊዜዋ እቴጌ ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱን ዘወትር ይጎበኙ ነበር፤ ምርቃትም ሲኖር እየተገኙ ይመርቁ ነበር።

ከዚህ ሌላ በስማቸው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። የቀይ መስቀልና የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የበላይ ጠባቂም ነበሩ። ለድሆች፣ ለሕመምተኞችና ለአካል ጉዳተኞች ይሰጡ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በማሠራትና በማሳደስማ ይታወቃሉ፤ መርካቶ ራጉኤል፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ያለው የሥላሴ ገዳም የእጃቸው ሥራ አለባቸው።

ዘነበ ወርቅ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የቅዱሳን ገድል እየጻፍኩ አይደለሁም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በዓመቱ ገደማ፣ በ1924 ዓ.ም፣ ልዕልት ዘነበ ወርቅ የምትባለው የመነን ልጅ ተዳረች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። ሙሽራው የትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ናቸው። ለምን? መልሱን ከላይ ተናግሬዋለሁ፦ ሁለት ቤቶች እንዲታረቁ። አዲስ አበባ ያለው ቤተ መንግሥት ከትግራይ መሳፍንት ጋር መዛመድ ነበረበት። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹም ከትግራይ የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ አግብተዋል።

ዘነበ ወርቅ ትዳሯ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ትግራይ ውስጥ አረፈች። የታረቀው ቤትም አልተጠቀመም። በ1928 ዓ.ም ጣሊያን ሲወር ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ወደ ጠላት ገቡ።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ አስቀመጥኩት። የሰው ልጆችን በትምህርት ቤት የሰበሰቡ እናት የገዛ ልጃቸውን ከዚያ ዕጣ ማዳን አልቻሉም። አልፈለጉም ወይ? ተቃውመውስ ነበር? ይህን የሚነግረን የለም፤ የሴቶች ዝምታ መዝገብ የለውም። እኔ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። እኚህ ሴት ልጅን ያለ ዕድሜ መዳር ምን እንደሆነ በገዛ ሰውነታቸው ያውቁታል። የቤተ መንግሥቱን ሕግ መለወጥ አልቻሉም። የቻሉት ሌላ ቤት መሥራት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ሙሽራ ሳትሆን ተማሪ ሆና ትቀመጣለች።

ጦርነትና ስደት

በ1927 ዓ.ም የጣሊያን ወረራ እንደማይቀር ግልጽ ሲሆን የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ፤ እቴጌዪቱ የበላይ ጠባቂው ሆኑ። ልዕልት ፀሐይና በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሚስት ሌዲ ባርተንም አብረው ይሠሩ ነበር። ቤተ መንግሥት የሚኖሩ ወይዛዝርት ቁጭ ብለው የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ያዘጋጁ፣ ለዘማች ልብስ ይሰፉ ጀመር። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ሲጠቀም ደግሞ ጭምብል ወደ መሥራት ገቡ። ማሰብ ነው፤ በመርፌና በጨርቅ የመርዝ ጋዝን ለመከላከል!

ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እቴጌ መነን በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አደረጉ። ጦርነት በሁሉም አገር እናቶችን እንደሚያስለቅስ አስታውሰው የዓለም ሴቶች ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ተማጸኑ። እኛ የምናስተምረው ንጉሡ በ1928 ዓ.ም ሰኔ ላይ ጄኔቫ ያደረጉትን ንግግር ነው፤ ይገባዋልም። ግን ከዚያ በፊት ሚስታቸው ለዓለም ተናግረው እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ቤተሰቡ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጣ። ጅቡቲ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ። የባዝ ብርድ ለእቴጌዪቱ ጤና አልስማማ ስላለ ብዙውን የስደት ጊዜ ኢየሩሳሌም አሳለፉ። ቤተልሔም፣ ጌታ የተወለደበት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለእመቤታችን ተሳሉ፦ አገሬ ነጻ ከወጣች የደፋሁትን ዘውድ እሰጣለሁ ብለው። ነጻነት ሲመጣ ስለታቸውን ፈጸሙ። በ1923 የደፉትን ዘውድ ወደ ቤተልሔም ላኩት። ምትክ ተሠርቶላቸው ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ ዘውድ ዳግመኛ አልደፉም ይባላል።

የወሎ ሰው ስለት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ግሸን የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የተሳሉትን አለመስጠት አይቻልም።

ፀሐይ

ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ጊዜ የንጉሥ ልጅ ነኝ ብላ አልተቀመጠችም። ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች፣ ተመረቀች። አልጋ አነጠፈች፣ ሕመምተኛ አጠበች። አገሯ ስትመለስ ያንን ሙያ ይዛ ነው የመጣችው። በነሐሴ 1934 ዓ.ም ግን፣ ካገባች ገና ወራት ሳትቆይ፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ወለጋ ውስጥ አረፈች። 22 ዓመቷ ነበር። ሰለጠነች የተባለችው ነርስ የሞተችው አዋላጅና ሐኪም በአቅራቢያ ባለመኖሩ ከሚሞቱት እናቶች ጋር አንድ ሆና ነው። አዲስ አበባ ላይ በስሟ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ የኋላው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ማለት ነው። በ1949 ዓ.ም ደግሞ ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ሞቱ። እቴጌዪቱ ከቀበሯቸው ልጆች እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው።

ከትምህርት ቤቱ ወደ ፓርላማ

ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እንደገና ተከፈተ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከሆኑት መካከል አንዷ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ የተማሩ፣ በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከው ጣሊያን አዚናራ ደሴት የታሰሩ፣ «የልቤ መጽሐፍ»ን የጻፉ ሴት። እኚህ ርዕሰ መምህርት ናቸው ሴት ተማሪዎችን የያዙት። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ናቸው። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ክፍሌ ውስጥ ያለችው ልጅ «ምን ሠርታ ነው?» ስትለኝ መልሱ ይህ ነበር እኮ! አንዲት ተምራ የማታውቅ እቴጌ በር ከፈቱ። በዚያ በር የገባች ሌላ ሴት ሕግ አውጪዎች መካከል ተቀመጠች። አንድ ትውልድ ሳያልፍ።

ሁለት ጥያቄ ለሚያነሱ ወዳጆቼ

እዚህ ስደርስ አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። «ገንዘቡ ከየት መጣ? ከገባሩ አይደለም ወይ?» እውነት ነው። እቴጌዪቱ ባለ ርስት፣ ባለ ሀብት ነበሩ። «ከግል ገንዘባቸው» ስንል ያ ገንዘብ ገበሬው ካረሰው መሬት የወጣ መሆኑን መርሳት የለብንም። የገባሩ ሴት ልጅ ወፍጮ ስትፈጭ የውላ ማታ ስትተኛ አዲስ አበባ ስላለው ትምህርት ቤት አልሰማችም። ይህን ለተማሪዎቼ አልደብቅም።

ሌላው ጥያቄ፣ ልግስና መብትን ይተካል ወይ? አይተካም። እቴጌዪቱ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሕጉ ግን ቆሞ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት 15 ዓመት ነው የጋብቻ ዕድሜ ያደረገው። ሁለቱም 18 የሆነው በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አርባ ዓመት! በእነዚያ አርባ ዓመታት ስንት ልጅ እንደተዳረች አስቡት። ደግ እቴጌ ጥቂት መቶ ልጆችን ታስጠልላለች፤ ሁሉንም የሚያስጠልል ሕግና የሚያስፈጽመው ሰው ነው።

ታዲያ ሁለቱንም ጥያቄ ተቀብዬም ቢሆን ሥራቸው አያንስብኝም። በዘመኑ ብዙ ባለ ርስት ነበር። ገንዘቡን ሴት ልጅ የምትማርበት ቤት ላይ ያዋለ ስንቱ ነው?

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም አረፉ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው ትምህርት ቤታቸው ስሙ ተቀይሮ «የካቲት 12» ተባለ። የሰማዕታት ቀን ስም ስለሆነ ክብሩ ትልቅ ነው፤ ቅሬታ የለኝም። በቅርብ ዓመታት ግን የቀድሞ ስሙ ተመልሶለት እንደገና የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል። ዘጠና ዓመት ሊሞላው ሲል ወደ ጀመረበት ተመለሰ ማለት ነው።

ለምን ዘለልኳቸው?

ራሴን ስጠይቅ መልሱ ይህ ነው። እቴጌ ጣይቱን እናስተምራለን፤ ጦር ሜዳ ስለወረዱ። ታሪክ ስንል ጦርነት፣ ውል፣ ዘውድ ነው የሚታየን። ጨርቅ መስፋት፣ ልጅ ማስተማር፣ አልጋ ማዘጋጀት ታሪክ አይመስለንም። ሴቶቹ የሠሩት አብዛኛው ሥራ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ «የንጉሥ ሚስት ናት» ብለን እንዘላለን።

አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ «ምን ሠርታ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ስለ እቴጌ መነን ብቻ አይደለም የጠየቀችው። እኔስ ምን ልሆን እችላለሁ ማለቷ ነው። እኔ «ፈተና ላይ አትመጣም» አልኳት። እኔ ብመልስላት ኖሮ አትሄድም ነበር እያልኩ አይደለም፤ ያን ያህል የዋህ አይደለሁም። ያስኬዳት የቤቷ ችግር ነው። ግን በእኔ ክፍል የነበራትን አርባ ደቂቃ በቀልድ ወሰድኩባት። ይህ የእኔ ነው፣ ለማንም አላሳብበውም።

ከአምና ጀምሮ እቴጌ መነንን ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። ፈተናም ላይ አወጣቸዋለሁ! የአምናዎቹ ተማሪዎቼ ምስክር ናችሁ፤ ሁለት ነጥብ የጣላችሁም አላችሁ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ምዝገባ እየደረሰ ነው። ስምንተኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ጨርሳ «ዘንድሮ ትረፍ» የተባለች እህት፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ካለቻችሁ ጻፉልኝ። ብዙ ነገር ማድረግ አልችልም፤ ሄጄ ከአባቷ ጋር ቡና መጠጣት ግን እችላለሁ። አባት ቤቱ ድረስ የመጣን መምህር በቀላሉ እምቢ አይልም። ሁለቱን እንዲህ አስመልሰናል።

አንቺ ደግሞ፣ ያለሽበት ሆነሽ ይህ ከደረሰሽ፣ መልሱ ይኸው። ከአምባሰል የወጣች፣ በልጅነቷ የተዳረች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ነበረች። ለሌሎች ሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ለዚህ ነው ስሟ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው። ስትመለሺ የማታ ትምህርት አለ፤ ያቆምሽው አሥራ አንደኛ ላይ ነው፤ ቦታሽም በመስኮቱ በኩል ነው።

በሉ ሰላም እደሩ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ ከእኔ የበለጠ የምታውቁ ደግሞ ጨምሩበት።